ጋሽ እንድሪስ ያላጠፉት ማሽን

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አስናቀች ስትደውል ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። እኔ ያለሁት ጋምቤላ ነው፣ እሷ ሐይቅ። የአገሬ ወሬ ሁሉ የሚደርሰኝ በስልክ ነው፤ በስልክ የመጣ ወሬ ደግሞ ቶሎ አላምንም።

«ጋሽ እንድሪስን ትንሽ አሟቸው ነበር» አለችኝ።

«ነበር?»

ስለ ዝናቡ ልታወራኝ ጀመረች።

«አስናቀች፣ መቼ ነው?»

«ቆየ እኮ የሺዬ። ሩቅ ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ ማን አጠገቧ ሆኖ ያጽናናታል ተባብለን ነው። አትቀየሚን።»

ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት ሁለት ጊዜ ጠይቄያት ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል» ብላኛለች። በአገራችን ለሩቅ ሰው መርዶ እንዲህ ስለሚያዝ አልተቀየምኳትም። እኔ ግን በየማለዳው ስጸልይ ጤና ስጥልኝ ከምላቸው ሰዎች መካከል ስማቸውን ስጠራ ከርሜአለሁ። ሙስሊም ናቸው ብዬ አንድም ቀን ዘልያቸው አላውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለሌላ ሰው ደወልኩ፣ እሱም ያንኑ አለኝ። በመጨረሻ ለልጃቸው ለዘሐራ ደውዬ «አዎ፣ ቀበርናቸው» ስትለኝ ነው ተቀምጬ ያለቀስኩት። እሳቸውም ቢሆኑ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ከሦስተኛ ሰው አፍ የመጣ ነገር አይቀበሉም።

አብረን የሠራነው ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ጽሕፈት ቤት ነው። እኔ ደብዳቤ የምጽፍና ኢሜይል የምልክ ነበርኩ። እሳቸው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ውጫሌ ስልክ ቤት ውስጥ ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ሰው መጥቶ የሰው ስም ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ቁጥሩን ፈልገው ያገናኛሉ። ስልክ ቤቱ በማሽን ሲተካ ከሥራ ወጡ፣ ኮምፒውተሩን በጉልምስናቸው ተማሩት። «ሥራው ያው ነው» ይሉ ነበር፣ «ስም ያመጡልኛል፣ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ድሮ በአፌ ነበር፣ አሁን በማሽን ነው።»

ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ክፍላቸውን ቆልፈው ይወጣሉ፣ ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርገው ያዩታል፣ አሥር እርምጃ ሄደው ይመለሱና እንደገና ይስቡታል። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሲገዙ አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ ገልጠው አዩ፣ አሸተቱ፣ ዓይኑን ተጫኑት።

«መቼ ነው የወጣ?» አሉት አጥማጁን።

«ዛሬ ጧት ጋሼ።»

«አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«ወንድሜ ነው።»

«እንግዲያው ወንድምህን ጥራልኝ።»

አጥማጁ ሳቀባቸው። «ጋሽ እንድሪስ፣ እንደው ዓሣው ራሱ ተነሥቶ ቢምልልዎ ያምናሉ?»

«ወላሂ እሱማ ቢናገር ደስ ባለኝ። ከአንተ ይልቅ ለነገሩ እሱ ይቀርባል።»

ወንድምየው ከጀልባው ወርዶ መጥቶ እስኪናገር ድረስ ቆምን። ዓሣው በእርግጥ የዚያን ዕለት ጧት ነበር የወጣው። እሳቸው ግን ይህ ሲረጋገጥ ደስ የማይላቸው ዓይነት ሰው ነበሩ፤ ነገ ሊያታልሏቸው ይችላሉና።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የሰርቨሩን ነገር ያስረዱኝ በአንድ ጥያቄ ነው። «የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ማን ነገረሽ?» «አውቀዋለሁ እኮ ጋሼ።» «በዓይንሽ ካየሽው ስንት ጊዜ ሆነ?» አሰብኩት፤ ዓመት አልፎት ነበር። «በይ ሂጅና ይህን ወረቀት አድርሽ» ብለው ላኩኝ። ስደርስ ቤቱ የከብት መድኃኒት መሸጫ ሆኗል፣ ቀበሌው ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዷል። ላብ በላብ ሆኜ ስመለስ አልሳቁብኝም።

«ይህ ማሽን እንዳንች ነው» አሉኝ ወደ ሰርቨሩ እያሳዩ። «ኢሜይል ስትልኪ የሰውየው አድራሻ ስም ነው፤ ማሽን ደግሞ በስም አይሄድም፣ በቁጥር ነው። ስለዚህ ዲ ኤን ኤስ የሚሉትን የስም መዝገብ ይጠይቃል፣ የእነ እገሌ ደብዳቤ የት ይደርሳል ብሎ። መዝገቡ ቁጥሩን ይሰጠውና ይህን ለአንድ ሰዓት ያዘው፣ ከዚያ መልሰህ ጠይቀኝ ይለዋል። አየሽ፣ ይህ መዝገብ ጨዋ ነው። ቃሉ መቼ እንደሚያረጅ አብሮ ይናገራል። ሰው እንዲህ ቢሆን እኔ ማንንም አልጠረጥርም ነበር።»

እኔም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ሰው አይወቅብኝ እንጂ። ሰው እንዳይናገረኝ፣ ስሕተት እንዳይገኝብኝ ስለምፈራ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አያለሁ። ምናልባት በዚህ ይሆናል እኔና እሳቸው ተዋደን የማናውቀው። ተከባበርን እንጂ አልተቀራረብንም።

ነገሩ የተነሣው በማሾ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ማሾው ጥሩ ፍሬ ይዞ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ገዢ ሊወስደው ተስማምቶ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አዘዘኝ፣ ጻፍኩ፣ ላክሁ። መልስ ስናጣ ደገምኩ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። ቀኑ አልፎ ገዢው በስልክ «አንድም ደብዳቤ አልደረሰንም፣ ከሌላ ልንገዛ ነው» አለ። የሰርቨሩ መዝገብ ሲታይ ደግሞ ሦስቱም ደብዳቤዎች ወጥተዋል፣ በወዲያ በኩልም «ተረክበናል» ተብሏል። አንዱ ወገን ዋሽቷል ማለት ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ማን እንደዋሸ ለማወቅ ሩቅ አልሄደም። ቢሮው ጠራኝ።

«የሺ፣ ደሴ ያለው የአጎትሽ ልጅ ምንድን ነው የሚነግደው?»

«እህል ነው ጌታዬ።»

«ምን እህል?»

«የመጣለትን ነው።»

«ማሾም ይመጣለታል?»

«ይመጣለት ይሆናል፣ አልጠየቅሁትም።»

«አልጠየቅሽውም» አለ፣ ቃሉን ወረቀት ላይ የሚጽፍ ይመስል በቀስታ። «ደብዳቤው በእውነት ለገዢው ነው የሄደው ወይስ በገዢው ስም ለሌላ ሰው?»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ሊቀመንበሩም ከውጫሌ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ደብዳቤ አስቀርታ የማኅበሩን ገበያ ለዘመዷ ሰጠች ተብላ የተባረረች ደብዳቤ ጻፊን ማንም አይቀጥራትም። እናቴ ደግሞ አምባሰል፣ ገጠር፣ ታማ ተኝታ የምታየው እኔን ብቻ ነበር። ከእንጀራው በላይ ግን ያስጨነቀኝ ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰዎች ነጠላቸውን አስተካክለው ወዲያ ፈቀቅ ሲሉ አስቀድሜ ታየኝ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ እንድሪስ ያዩኝ ጀመር። ቀና ስል መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ እኔ ነው። ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ሲመለሱ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥተው ቆሙ።

«ሰው ምሳ ሲወጣ አንች ለምን ትቀሪያለሽ?»

«ጾም ነው ጋሼ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም።»

«ሁልጊዜ?»

«ረቡዕና ዓርብ።»

«ሦስቱ ደብዳቤዎች የተላኩበት ቀን ደግሞ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ ነው።»

«እግዚአብሔር የሚያውቀው ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እሳቸው «እሱማ ያውቃል፣ የማላውቅ እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ።

እኔም በበኩሌ ማየት ጀመርኩ። ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው። ማሽኑን ከእሳቸው በቀር የሚነካ የለም። ደብዳቤ እኔ እንደላክሁት አውቃለሁ፣ ሕሊናዬ ምስክሬ ነው፤ እንግዲህ ከእኔ እጅ ወጥቶ ገዢው ዘንድ ካልደረሰ መካከል ላይ የቆመው ሰው ማን ነው? ሰማያዊ ደብተር አላቸው፣ ከማሽኑ እያዩ በጥንቃቄ የሚጽፉበት፤ ሰው ሲገባ በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ማክሰኞ ለሰላት ሲወጡ፣ ያለ ልማዳቸው፣ ደብተሩን ክፍት ትተውት በሩን ሳይዘጉ ሄዱ። አልነካሁትም፤ የሰው ዕቃ ነው። ግን ወረቀት ልወስድ ገብቼ ስለነበር ዓይኔ ወደቀበት። የገዢው ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ ቁጥር፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር፣ ሁለቱም ተሰምሮባቸው። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከወር በላይ ሳይቋረጥ የቆየው መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ያለው ዩ ፒ ኤስ፣ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚያቆየው ሣጥን፣ መጮህ ይጀምራል፣ ያኔ ማሽኑን በሥርዓት ማጥፋት ነው። እንዲህ አድርጉ ብለው ግድግዳ ላይ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። በዚያ ጧት ግን ጋሽ እንድሪስ ስድሳ ዓመት የተጠጋው ሰው በማይሮጠው አሯሯጥ ወደ ውጭ በር ሲሮጡ አየሁ። ኮፍያቸው ወድቆ አላነሡትም። ጥቂት ቆይተው ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ትልቅ ባትሪ ተሸክመው ተመለሱ፣ ሽቦ በሽቦ ሆነው ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ሹፌሩ ሲወጣ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ አይጠፋም እንዴ?»

«ዛሬ አይጠፋም።»

«መብራት ሲጠፋ አጥፉ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ። አሁን ሂጅ፣ ማንም እዚህ አይግባ። አንችማ በተለይ።»

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ፣ ቁልፉ ከውስጥ ተሽከረከረ።

ኮሚቴው ሊቀመጥ አምስት ሰዓት ሲቀረው አንድ ሰው ማሽን ዘንድ ራሱን ከቆለፈ ምን ሊያደርግ ነው? ዱካውን ሊያጠፋ እንጂ። እንዲህ አሰብኩ። በጾም አፌ፣ መብራት በሌለበት ቢሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ለሊቀመንበሩ ደብዳቤ በእጄ ጻፍኩ። ደብተሩን፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ባትሪውን፣ የተቆለፈውን በር፣ «አንችማ በተለይ» ያሉኝን ሳይቀር ጻፍኩ። ሐሰት አልጨመርኩም። መጨረሻ ላይ ግን «የደብዳቤዎቹን መጥፋት የሚያውቁ እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

ሊቀመንበራችን አያ ታደሰ ገበሬ ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርደው አቧራቸውን ሲያራግፉ በር ላይ ጠብቄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ስለ ጉዳዩ ነው አያ ታደሰ። ከመቀመጥዎ በፊት ቢያነቡት።»

ገለጥ ሳያደርጉ ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። «ከሰማሁ በኋላ አነበዋለሁ» አሉ።

ኮሚቴው ገና ወንበር ሳይዝ ጋሽ እንድሪስ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሸሚዛቸው የባትሪ ቅባት ነክቶታል። «ስብሰባው እዚህ ይሁን» አሉ፣ «ቀልጠፍ በሉ፣ ባትሪው ብዙ አይቆይም።» ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ፤ አያ ታደሰ ግን ተነሥተው ገቡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ጋሽ እንድሪስ ስልካቸውን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ገዢው ዘንድ ላለ የኮምፒውተር ሠራተኛ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ጧት ያነጋገርኩህ የሐይቁ ነኝ። ሰዎች አብረውኝ አሉ። ደብዳቤ የምትቀበሉበትን ማሽን ቀይራችኋል?»

«ቀይረናል ጋሼ። ወር ሊሞላው ነው።»

«አዲሱን ቁጥር በልልኝ።» ልጁ ቁጥሩን ተናገረ። ጋሽ እንድሪስ የኛ ሰርቨር ላይ ያለውን ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ ለኮሚቴው አነበቡ። አንድ አልነበረም። «አሮጌውን ማሽን ዘጋችሁት?»

«ዘግተነዋል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ። ሂድና እየው፣ እጠብቃለሁ።»

ጠበቅን። የባትሪው ዩ ፒ ኤስ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ዝም አለ። የልጁ ድምፅ ሲመለስ ተለውጦ ነበር።

«ጋሼ… አልተዘጋም። ደብዳቤ ይቀበላል። ማንም ግን ከፍቶ አያየውም። ከእናንተ የመጡ ሦስት አሉ።»

«ከማን የተላኩ?»

ስሜን አነበበ፣ ቀኖቹን አነበበ። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ።

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። እኔ ወለሉን ነበር የማየው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አያ ታደሰ በትራቸው ላይ ተደግፈው «እስቲ ለእኔ ለገበሬው አስረዳኝ» አሉ። «ቤታቸውን ቀየሩ። እሺ። የኛው ለምን ቀድሞ ቤታቸው ሄደ? የስም መዝገብ የምትለው ነገር አዲሱን አልነገረውም?»

«የኛው አልጠየቀውማ።»

«ለምን አልጠየቀም?»

«እኔ አትጠይቅ ብየው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ሸሚዛቸው ቆሻሻ ስለነበር የባሰ አጨቀዩት። «መስመሩ እዚህ አገር ሁለት ሦስት ቀን ይቆረጣል» አሉ። «ሲመለስም የስም መዝገቡ ቶሎ አይመልስም፣ ደብዳቤው ተሰልፎ ይቀራል። ስለዚህ አንዴ ያገኘኸውን ቁጥር መዝገቡ ያለህን ሰዓት ትተህ አርባ ቀን ያዘው ብዬ አዘዝኩት። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው የሚነግረኝን አላምንም፤ ይህን ግን ራሴ ጠይቄ ያገኘሁት ነው ብዬ አመንኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ትላንት ከሰዓት በኋላ ነው ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቼ ያገኘሁት።»

«ትላንት ካገኙትማ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ዝም ብለው ማስተካከል አይችሉም ነበር?»

«ምን ማስተካከል ያስፈልጋል? አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ሲነሣ ያን አሮጌ ቁጥር ጭምር የያዘውን ሁሉ ይረሳል፣ አዲስ ይጠይቃል፣ ደብዳቤውም ይደርሳል። እኔንም የሚጠይቀኝ የለም።»

«ታዲያ?»

«ይች ልጅስ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ክፍሉ ውስጥ የሰውና የማሽን ሙቀት ነበር፤ አያ ታደሰ «እንግዲህ አየን፣ አጥፋው» አሉ። አጠፉት።

ገዢው ደብዳቤዎቹ በቀናቸው የተላኩ መሆናቸውን አምኖ ማሾውን ወሰደ። ኮሚቴው በእኔ ላይ የተነሣውን ነገር ሰርዞ በቃለ ጉባኤ አስፈረመልኝ። ጋሽ እንድሪስን ግን ያለ ፈቃድ ማሽኑን እንዲህ አድርገዋል፣ ማኅበሩንም ለጉዳት አጋልጠዋል ብለው ቁልፉን ተቀበሏቸውና ወደ መጋዘን አዛወሯቸው። ቁልፉ የተሰጠው ለእኔ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ያችን የአርባ ቀን ትእዛዝ ማንሣት ሆነ። እንዴት እንደሚነሣ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ በአስናቀች እጅ አሽገው ልከውልኝ ነበር።

ሰላም አልነበረኝም። ከሐይቁ ማዶ ገዳሙ ደጅ ድረስ በእግሬ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርኩ። ሰምተው ቀኖና ሰጡኝና «ከእግዚአብሔር ጋር በዚህ ጨርሰሻል፣ ከሰውየው ጋር ግን ገና ነሽ» አሉኝ። እንዳይሉኝ እየለመንኩ የሄድኩት ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ መጋዘን ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ከከረጢት ክምር ሥር ተቀምጠው አንድ ማሾ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ገበሬው ደርቋል ያላቸውን ማመን አይችሉም።

«ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ነው፤ ቃሉ የእሳቸው ወገን ቃል ነው፣ ግን በእኛ አገር ማንም ይለዋል።

«በምን?»

«ያን ዕለት ለአያ ታደሰ ስለ እርስዎ ጽፌብዎታለሁ። ባትሪውን ይዘው ሲገቡ። ደብዳቤውን ያስቀሩት እርስዎ ናቸው ብዬ።»

ማሾውን ተፉት፣ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። ቀስ ብለው ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይቺ የኔ ናት» አሉ። «ሰኞ ዕለት የጻፍኳት ናት። አያ ታደሰ መልሰው ሰጡኝ።»

ሁለት ገጽ ነበር፣ በዚያ በስልክ ቤት ጽሕፈታቸው። ስለ እኔ ነው። ከሁሉ ቀድማ ትገባለች ይላል። መሳቢያዋን ከቆለፈች በኋላ ነው ሰላም የምትል። በጾሟ ቀን ብቻዋን ትቀራለች። ደብዳቤ ከላከች በኋላ መልሳ ታነበዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ታነበዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሐይቁ በኩል ወርዳ በስልክ ታወራለች፣ ስታወራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከእናቴ ጋር ነበር የማወራው፤ አፌን የምይዘው ለቅሶዬ እንዳይሰማት ነው። ጫማዬን ሳይቀር ጽፈውታል፣ ሲረግጥ ድምፅ የማይሰጥ መሆኑን። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቆ ያየኝ ሰው አልነበረም፣ እናቴም ብትሆን። እያንዳንዱ ነገር እውነት ነው። መጨረሻው ላይ «ጠንቃቃ ናት፤ የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም» ብለው ፈርመዋል። እኔም ስለ እሳቸው የጻፍኩት ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

«ስሕተት አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም። ከመጨረሻው መስመር በቀር።»

«እሱን ከማንም አልጠየቅሁትም» አሉ። «ከራሴ ነው ያመጣሁት።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ፣ የማሾ ልጣጭ ጥርሳቸው ላይ ቀርቶ። «አንችም አውፍ በይኝ።»

«ብያለሁ ጋሼ።»

ወረቀቱን አጥፌ ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«አንች ዘንድ ይሁን» አሉ። «እኔ ዘንድ ከቆየ አንድ ቀን አውጥቼ አነበዋለሁ፣ ካነበብኩት ደግሞ አምነዋለሁ።»